የቦራ አዲሱ ዲናሞ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ሽማግሌ ተላከብን። ለእኔ አይደለም፤ እኔን መጠየቅ ከተዉ ቆይተዋል። የተላከው ለቦራ ነው። ለመኪና።

ሁለት ሆነው መጡ፤ ሐጂ ቃሲምና ኦቦ ገመቹ። ሁለቱም የአባባ የጥንት ወዳጆች ናቸው። በቦራ ስንት ቦታ እንዳልሄዱባት ዛሬ ከዘራቸውን ይዘው እንደ ባዕድ ሰው ከበር ላይ "ቤቶች" አሉ። እማ አኳኋናቸውን አይታ "የማንን ልጅ ልትጠይቁ ነው?" ብላ ቀለደች። አልሳቁም። ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ገብሱ ጠየቁ፣ ስለ ከብቱ ጤና ጠየቁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገራቸው የገቡት። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሎጅ ያለው አንድ ሰው ቦራን ፈልጓታል። ሊነዳት አይደለም። የሎጁ በር ላይ ሊያቆማት ነው፤ ኮፈኗን አንስቶ አበባ ሊተክልባት።

አበባ።

ቦራ የአባባ ጂፕ ናት፤ የእንግሊዝ ሥሪት፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። ቀለሟ አቧራ የመሰለ ቢጫ ስለሆነ አባባ ገና እጃቸው ስትገባ በፈረስ ስም ጠሯት። እኛ ጋ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ከተማው እሳቸውን "አባ ቦራ" ይላቸዋል። አሰላ ውስጥ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ከቀበሌው መዝገብ በቀር ያለ አይመስለኝም። እህል ጭናለች፣ ሙሽራ ጭናለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭናለች፣ አስከሬንም ጭናለች።

እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ አባባ ቀጠሮ ሰጡ። "የነገ ሳምንት እሑድ ኑ፤ መልስ አላችሁ" አሏቸው። በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር አይታጠፍም። እሑድ ወይ እሺ ወይ እምቢ መባል አለበት።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ "ሊሰጧት ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"ባለፈው ከዲክሲስ ስመጣ ምን እንደሆንኩ አታውቂም" አሉኝ። ለካ ለማናችንም አልነገሩንም። ጭጋግ ውስጥ መብራቷ እየቀላ እየቀላ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ፤ ሲያቆሟት የፊት ጎማዋ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። "ዓይኔም መብራቷም እኩል ደከሙ። ሰው ከምገድልባት አበባ ብትሸከም ይሻላል።"

ችግሩ ዲናሞዋ ነው፣ እኔ እቀይረዋለሁ፣ ጭጋጉን አልፋ ጢቾ ደርሳ መብራቷ ሳይደክም ትመለሳለች አልኳቸው። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

"ሞክሪያት። ካልሆነ ግን አታልቅሺብኝ።"

ሞክሪያት አሉ እንጂ አልሰጣትም አላሉም። ስምንት ቀን አለኝ። የማስተምርበት ኮሌጅ ለክረምት ተዘግቷል። የማስተምረው የቤት ሽቦ ዝርጋታ ነው፣ የመኪና አይደለም። ግን ኤሌክትሪክ ያው ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ጽፌ ትንሽ ፈራሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ስመረምራት ዋልኩ። ሲስተር ብርቱካን ጃንጥላ ይዛልኝ አጠገቤ ቆማ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ክፍል የተከራየች ነርስ ናት፤ ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ብርዳችንን እስካሁን ያልለመደች።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኋት። አሮጌው ዲናሞ ኃይል የሚሰጠው ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር ብቻ ነው። ቀስ ሲሉ ይተኛል። ጭጋግ ውስጥ ደግሞ ሰው ቀስ ነው የሚለው። ያን ጊዜ መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ከባትሪው ይበላሉ፤ ባትሪው ያልቃል።

"በምትፈለግበት ሰዓት ነዋ የምትደክመው" አለች ብርቱካን። በቃ፣ እሱ ነው።

አባባ በጭጋግ ሲነዱ "ወይ መብራት ወይ መጥረጊያ" ይሉ ነበር። ልጅ ሆኜ የትራፊክ ሕግ ይመስለኝ ነበር። መብራቱን መርጠው መጥረጊያውን ያጠፉና በመስኮት እጃቸውን አውጥተው መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ግራ እጃቸው ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያማቸው ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ።

መድኃኒቱ አልተርኔተር ነው። እዚህ ሁለቱንም ዲናሞ ነው የምንላቸው፤ ይኼኛው ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም ያመነጫል። አዳዲሶቹ መኪኖች ሁሉ ያላቸው እሱ ነው።

የዛሬ ልኬት፦
ሞተር ጠፍቶ፣ 12.3 ቮልት
ሞተር ተነስቶ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 12.1
መብራት ሲበራ፣ 11.6
መጥረጊያ ሲጨመር፣ 11.2። መብራቱ ቀላ፣ መጥረጊያው መሐል መስታወት ላይ ቆመ

ሽቦዎቿስ። የበር ደወል ሽቦ፣ የቤት መብራት ሽቦ፣ የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ፣ አንድ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ በልጓም ቆዳ የተጠቀለለ። ተማሪዬ እንዲህ ሠርቶ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ግን እያንዳንዱ ቅጥል አባባ መንገድ ላይ የቆሙበት አንድ ቀን ነው። በእጃቸው ያገኙትን ቀጥለው ቤታቸው ገብተዋል። ዜሮውን ለራሴ ያዝኩት።

አንድም ነገር ሳልነካ ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። አርባ ሰባት ፎቶ። ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ የምላቸው ነው፤ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ መፍቻ።

አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ። አንዴ "የምትጠይቂኝ ነገር የለም?" አሉ። "የለም አባባ፣ አርፈው ይቀመጡ" አልኳቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ኢተያ ደርሼ መጣሁ። የአክስቴ ባል እዚያ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከመጋዘናቸው ጀርባ ተገልብጦ የቀረ ፒክአፕ አለ፤ አሁን ዶሮ ያድርበታል። አልተርኔተሩ ጤነኛ መሆኑን ካሁን ቀደም አይቼ ነበር። ለመንቀል አንድ አውራ ዶሮ ከቦታው ማስነሳት ነበረብኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ሲሳደብ ነበር።

"ለአባ ቦራ ከሆነ ሞተሩንም ውሰጂው" አሉኝ የአክስቴ ባል። ሳቅኩ። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ግን እሳቸው አልሳቁም። "ቦራ ላይ አበባ?" አሉ።

ከሰዓት ኮሌጁ ወርክሾፕ አስከፍቼ በመሰርሰሪያ አሽከረከርኩት። 14 ቮልት ሰጠኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ቶርኖ ቤት። አዲሱ በአሮጌው መቀመጫ ልክ አይገባም፤ አዲስ መያዣ ብረት መቆረጥ አለበት። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተክሌ ገና እንዳዩኝ "አባትሽ ይምጡና ያሳዩኝ፣ በወሬ አይሆንም" አሉ። ወረቀቴን አወጣሁ። በሦስት በኩል ስዬዋለሁ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ተለክቷል። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

"ማን ነው የሣለው?"

"እኔ።"

"ነገ ከምሳ በፊት ውሰጂው" አሉ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ልቀመጥ ብል ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ከነጭራሹ የለም፤ ጠፍቷል። መያዣው ብረት ደርሶ አመጣሁት፤ የተሠራው ልክ በሥዕሌ ነው።

ጋራዡ ጣሪያ ሥር ሆኜ አሮጌዎቹን ሽቦዎች ነቀልኩ፣ አዲስ ዘረጋሁ። ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ዋናውን ገመድ ወፍራም አደረግኩት፤ በቀጭን ሽቦ ብዙ ኃይል መላክ ቤት ማቃጠል ነው፣ ይህን እንኳን አውቃለሁ። ለሁሉም ፊውዝ። በሁሉም ላይ ምልክት።

አባባ ዛሬም ከበረንዳው አልወረዱም። ሳል ይበዛባቸዋል፤ እኔ አንድ ነገር በነቀልኩ ቁጥር ነው የሚያስላቸው። እማ ደግሞ "አንቺ የምትነቅዪው ሽቦ ነው፤ እሳቸው ግን ልባቸው የተነቀለ ነው የሚመስላቸው" ትላለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

አቃጠልኩት።

እስከ ስምንት ሰዓት ሁሉም ያማረ ነበር። አልተርኔተሩ መያዣው ላይ ቁጭ አለ፣ ቺንጋው ቀጥ ብሎ ገባ፣ ሽቦዎቹ በመስመር ተሰለፉ። ብርቱካን ሳይቀር "እንደ ፋሻ ነው ያሰርሽው" አለች። በመጨረሻ ባትሪውን፣ ፎቶ ቁጥር አሥራ ሁለትን እያየሁ፣ ልክ እንደነበረ መለስኩት። አንደኛውን ገመድ አሰርኩ። ሁለተኛውን ሳስነካ ብልጭ አለ፣ ከአልተርኔተሩ ውስጥ ጢስ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግቢውን ሞላው። ፊውዙ የተበጠሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ብርቱካን ገመዱን በእንጨት ከእጄ መታ አስጣለችኝ፤ ነርስ ናትና እጄን አገላብጣ አየችው። እጄ ደህና ነው። አልተርኔተሩ ሞቷል።

አባባ ተነሱ። ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጫማቸውን አድርገው ለከሰዓቱ ሶላት፣ ለዓስር፣ ወደ መስጊድ ሄዱ።

ስህተቱ የት እንደሆነ አላውቅም። ሽቦዎቹን ሦስት ጊዜ ተከተልኳቸው። ሁሉም ልክ ነው። ልክ ከሆነ ለምን ተቃጠለ። ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ቁጥር አሥራ ሁለት። እራት አልበላሁም፤ አበባው ብቻ ነው የሚታየኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አገኘሁት። አፍሬም መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ይኸው።

ጠዋት ምንም ሳይገናኝ ባትሪውን ብቻ አጠብኩት። ጫፎቹ ላይ የዓመታት ቅባት ተጋግሮባቸዋል። ቅባቱ ሲነሳ የመደመር ምልክቱ ወጣ። የመደመሩ ጫፍ ገመድ ሞተሩ ጋ አይሄድም። የመኪናዋ ቦዲ ላይ ነው የታሰረው።

ዛሬ የሚሠራ መኪና ሁሉ ቦዲው ኔጌቲቭ ነው። ከኢተያ ያመጣሁትም አልተርኔተር የተሠራው ለዚያ ነው። ቦራ ግን የድሮ እንግሊዝ ናት፤ ቦዲዋ ፖዘቲቭ ነው። ለአሮጌው ዲናሞ ምንም አልነበረም፤ አዲሱን ገና ስነካው ገደልኩት። እሑድ ዕለት ስለካ ቴስተሩ የመቀነስ ምልክት አሳይቶኝ ነበር። የቴስተሩን ጫፎች አገላብጬ የያዝኩ መስሎኝ አዙሬ ለካሁና ቁጥሩን ጻፍኩ። አርባ ሰባት ፎቶ አንስቼ አንዱንም አላየሁትም። ልክ እንደነበረ መመለስ ነው ያቃጠለው።

በረንዳው ላይ ወጣሁ። አባባ ፊት ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ የቦራ ቦዲ ፖዘቲቭ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"ታዲያ አላውቅም? የቦዲውን ገመድ ቀይ የቀባሁት እኔ አይደለሁም?"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።"

እውነታቸውን ነው። እሑድ የምትጠይቂኝ የለም ወይ ሲሉኝ አርፈው ይቀመጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የአባቴን መኪና አባቴን ሳልጠይቅ ልፈውስ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ጉልበታቸውን ይዤ። "ተነሺ ኢንተላ ኮ፣ ልብስሽን ቅባት አደረግሽው" አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ከሆነ ቁጣቸው አልቋል ማለት ነው።

"አሁን ጠይቂኝ" አሉ ከዚያ።

ጠየቅኳቸው። እስከ ምሳ ጠየቅኳቸው። የትኛው ቅጥል የት እንደሆነ፣ የትኛው ሽቦ በየትኛው ዝናብ እንደተበጠሰ፣ ዳገት ላይ የተኛችበት ሌሊት ማን እንደገፋት። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ሳጉሬ ያለ የድሮ ሾፌር ወዳጃቸው ጋ ደወሉ። በስምንት ሰዓት ሚኒባስ አንድ ጆንያ አመጣልን። ጆንያው ውስጥ ተመሳሳይ አልተርኔተር ነበር፤ የሞተ። ግን የእሱ ሞት ሌላ ነው። ኩሽኔታው ደርቆ አይዞርም እንጂ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች፣ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት፣ ጤነኞች ናቸው። የእኔ ደግሞ ይዞራል፣ የተቃጠሉት ዳዮዶቹ ናቸው። ሁለቱን ፈታኋቸው፣ ጤነኞቹን ዳዮዶች ወደ እኔው አዛውሬ በየድኳቸው፤ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አባባ ሽቦውን ያዙልኝ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

በመሰርሰሪያው፣ 14 ቮልት። አባባ ሁለት ጊዜ አሽከርክሪው አሉኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ከጁምዓ በፊት፦
ባትሪውን አዞርነው። ኔጌቲቩ ቦዲ ላይ ዋለ
ገመዶቹ ስላጠሩ አዲስ ገመድ፤ ጫፉን ቀጥቅጠው ያሰሩት አባባ ናቸው
የቦዲውን ገመድ ጥቁር ቀባሁት፤ ሌላኛውን ቀይ
የማቀጣጠያውን ኮይል ሁለት ሽቦዎች አዘዋወርን (አባባ ናቸው ያስታወሱኝ)
ሁሉንም በቴስተር ለካሁ። ምልክቱንም ጭምር አየሁ

ባትሪውን ሳገናኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምንም። ዝም። ከዝምታ እንደዚህ የሚጥም ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አባባ "ከሶላት በኋላ ትነሳለች" አሉ። ለምን አሁን አይሆንም አላልኩም። ተጣጥበው ሄዱ፣ ሲመለሱ ነጭ ልብሳቸውን እንኳን ሳይቀይሩ ቁልፉን ሰጡኝ።

ተነሳች። በአንድ ጊዜ።

ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 14.2
መብራት፣ 14.0
መጥረጊያ፣ 13.9
ሁሉም በርቶ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ 13.9

አባባ ከፊቷ ቆመው መብራቱን በእጃቸው ጋርደው አዩት። ከዚያ ገብተው ባትሪው ሲሞላና ሲጎድል የምታሳየውን የዳሽቦርድ መርፌ ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ። "ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። እየጎደለች ነው።" አይደለም፣ ባትሪው ስለዞረ መርፌዋም ዞራ ነው፣ እየሞላች ነው አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። "እኔ ይህችን መርፌ አምኜ ነው የኖርኩት" አሉ። ልክ ናቸው። ከጀርባዋ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኩ፣ መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች፣ እሳቸውም ተነፈሱ።

ዛሬ እኮራለሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ጋራዥ ውስጥ ገብቼ ኮፈኗን ከፍቼ ዝም ብዬ አየኋት፤ ሽቦዎቹ በመስመራቸው፣ ምልክታቸው በጽሑፌ። ይህን የሠራነው እኔና አባቴ ነን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ጢቾ ደርሰን መጣን።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን፤ አባባ መሪ ላይ፣ እኔ ጎን። እማ ዳቦ ጠቅልላልን "ከነመኪናችሁ ተመለሱ" አለች። ሳጉሬ ድረስ ካፊያ ብቻ ነበር። ሳጉሬን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ጭጋጉ ወርዶ ጠበቀን። አባባ ዳር ይዘው አቆሙ፣ ወረዱ፣ በፊቷ በኩል ዞረው የእኔን በር ከፈቱ።

"ከዚህ ወዲያ ዓይኔ አያየውም። ተሻገሪ፣ አንቺ ንጂ።"

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ቦራን ግን ከቤት እስከ ወፍጮ ቤት ብቻ ነበር የነዳኋት፤ እሱንም በሜዳ። መሪዋ ከባድ ነው። መብራቱን አበራሁ፣ መጥረጊያውን አስነሳሁ። ከፊታችን አንድ ድንች የጫነ የፈረስ ጋሪ ነበር፤ ማለፊያ የለም፣ ከጀርባችን አይሱዙ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ ግማሽ ሰዓት ከጋሪው ኋላ ሄድን። ከዚህ የባሰ ፈተና ብፈልግም አላገኝም ነበር።

አባባ መንገዱን አያዩም። መርፌዋን ነው የሚያዩት። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ዝናቡ ሲከብድ "መጥረጊያውን አጥፊ" አሉ፤ እንዲያው በልማድ።

"አላጠፋም አባባ።"

እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ። መርፌዋን አዩ። እጃቸውን መለሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መጥረጊያው ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። መብራቱ የጋሪውን የኋላ እንጨት እስከ ሚስማሩ ያሳየኝ ነበር።

ጢቾ ስንደርስ አባባን የሚያውቅ ሁሉ ከበበን። ኮፈኗን አስከፈቱኝ። "ኢንተላ ኮቱ ሆጄቴ" ይላሉ ለመጣው ሁሉ፤ ልጄ ናት የሠራችው። ጢሱንም አላስቀሩም፤ አልተርኔተሩን እንዴት እንዳቃጠልኩ በእጃቸው ጭምር አሳዩዋቸው፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ "ከዚያ መጥታ ጠየቀችኝ" ብለው ጨረሱት።

ስንመለስ ጭጋጉ አልለቀቀም። ቁልቁለቱ ላይ የሆነ ድምፅ ሰማሁና ሞተሩ መስሎኝ ደነገጥኩ። አባባ ናቸው፤ እያንኮራፉ ነው። ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው አያውቁም፤ በአውቶቡስ እንኳን እስከ አዲስ አበባ ሾፌሩን ሲጠብቁ ነው የሚሄዱት። አንድም ጉድጓድ እንዳይቀሰቅሳቸው ቀስ ብዬ ነዳሁ። ዓይኔ ረጠበ፤ የውስጥ መጥረጊያ የለኝም።

ቤት ስንገባ ግን ስለ ነገ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ጠዋትም አልተናገሩም። ቁርስ ላይ ስለ ጎረቤት አጥር አወሩ። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይኼኛውን መጠየቅ ፈራሁ። መኪናዋ ደህና ስለሆነች ዓይናቸው ደህና አልሆነም። ሊሰጧት ይችላሉ፤ መብታቸውም ነው።

በአራት ሰዓት መጡ፤ ሐጂ ቃሲምና ኦቦ ገመቹ፣ ከዘራቸውን ይዘው። ዝናቡ እንዴት ነው። ገብሱ እንዴት ነው። ከብቱስ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

"እንግዲህ ለመልሱ ነው የመጣነው" አሉ ሐጂ ቃሲም።

"መልስ አላችሁ ብያለሁ" አሉ አባባ። "መልሱ ግን እኔ ዘንድ የለም። ባለቤቷን ጠይቁ።"

ሽማግሌዎቹ እማን አዩ። እማ እጇን አወናጨፈች። አባባ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

"እሷ ናት ባለቤቷ። ትናንት ጢቾ ስለደረሰች አይደለም። ሐሙስ ዕለት መጥታ ስትጠይቀኝ ነው የሰጠኋት። ወረቀቱን ነገ ሄደን እናዞራለን።"

ትሪውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። እማ ናት ከእጄ የወሰደችው መሰለኝ።

ኦቦ ገመቹ ተነሱ፣ ወንበራቸውን አንስተው ፊቱን ወደ እኔ አዞሩት። ሐጂ ቃሲምም እንዲሁ። ሁለት የሰባ ዓመት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተስተካክለው ተቀመጡ። ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ደንቡ ነው፣ ባለቤት ሲቀየር ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

"ዝናቡ እንዴት ነው፣ ፈቲያ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።"

"ገብሱ?"

"ደህና ነው።"

"ከብቱስ?"

ከብት የለኝም። ግን "ደህና ናቸው" አልኩ። ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ ስለ ሎጁ፣ ስለ ሰውዬው ደግነት፣ ቦራ ስለምታገኘው እረፍት። ጨርሰው ጠበቁኝ።

"አክብራችሁ መጥታችኋል" አልኩ። "ግን አልሰጣትም። ገና ሥራ አላት።"

ሐጂ ቃሲም "ቶሎ መለሰች፣ ቀጠሮ እንኳን አልሰጠችንም" አሉ ለአባባ። ኦቦ ገመቹ ግን ሳቁ፤ ስምንት ቀን ሙሉ ያልሳቁት። ለካ እሳቸውም ሲላኩ ጀምሮ ሆዳቸው እሺ አላለም ነበር። "እንኳን አልሰጠሽን። ነገ ሚስቴን ሐኪም ቤት የሚያደርስልኝ ማን ነበር?" አሉ።

ሊሄዱ ሲነሱ ዝናቡ ወረደ። አደርሳችኋለሁ አልኳቸው። አባባ አብረውን ይመጣሉ ብዬ የጎኑን በር ከፍቼ ጠበቅኩ። አልመጡም። ጃንጥላ ይዘው ወርደው፣ ወደ ግቢው በር ሄደው፣ መቀርቀሪያውን ስበው ሁለቱንም ተካፋች ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሳቸው መሪ ላይ ሆነው በር ከፋቿ እኔ ነበርኩ። ሳልፋቸው የኮፈኗን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

ደስ ብሎኛል፤ ሆዴም ባባ። ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ነው የመጡብኝ።

ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው አድርሼ ስመለስ በሩ አልተዘጋም ነበር። አባባ እዚያው ቆመው ነበር፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በስብሷል።